አንድ ቴሌቪዥን ብዬ የቆጠርሁት

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖርንበት ግቢ አራት ቤተሰብና አንድ የመብራት ቆጣሪ ነበረው። ቆጣሪው የወጣው በባለቤቱ ስም ነው። ባለቤቱ ሌላ ሰፈር የሚኖር ሱዳናዊ ሽማግሌ ሲሆን ኪራይ ሊቀበል ካልመጣ በቀር ፊቱን አናየውም። መብራቱ ደግሞ ቀድሞ ተከፍሎበት የሚገኝ ነው፤ ሱቅ ሄደህ ትገዛለህ፣ ረጅም ቁጥር የታተመበት ብጣሽ ወረቀት ይሰጡሃል፣ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ትመታለህ፣ የገዛኸው ሲያልቅ ግቢው በሙሉ ድርግም ይላል። ስለዚህ በየሐሙሱ ከሰዓት በኋላ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሳምንቱን መብራት እናዋጣ ነበር።

የምናዋጣው በሰው ብዛት አልነበረም፤ በ«ዓይን» ነው። አንድ አምፖል አንድ ዓይን ይባላል። ቴሌቪዥን ሁለት ዓይን፣ ቬንቲሌተር ሁለት ዓይን፣ ፍሪጅ አምስት ዓይን። ሥርዓቱን ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ሰው አንድ ጄኔሬተር በጋራ ሲጠቀም የተጀመረ ነው ይላሉ። አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው ሐሙስ ዕለት ይናገራል፣ ዕቃው ስንት ዓይን እንደሆነ ይወሰናል፣ በቃ። ቤት ገብቶ የሚፈትሽ የለም። በዚያ ግቢ እስላሙና ክርስቲያኑ፣ አማርኛ ተናጋሪውና ትግርኛ ተናጋሪው በሌላ በሌላ ነገር ተኮራርፎ ያውቃል፤ በዓይን ግን ተጣልቶ አያውቅም።

ስንት ዓይን እንደሆነ የምወስነው እኔ ነበርሁ። ሥራዬ ፍሪጅና ቬንቲሌተር መጠገን ነው፤ ገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት የቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። ሽቦ ላይ ቆንጥጠው የሚያነቡት የአምፔር መለኪያ ከእጄ አይለይም። ሰው በግምት ሲያወራ ደሜ ይፈላል። ደንበኛ መጥቶ «ጋዝ አልቆበት ነው» ሲለኝ፣ «ታዲያ አንተ ካወቅኸው እኔ ዘንድ ምን አመጣህ?» እለዋለሁ፤ በዚህ ጠባዬ ያጣሁት ደንበኛ ቀላል አይደለም። ለካሁ ካልሁ ግን ለክቻለሁ፤ ያልለካሁትን አልናገርም። ግቢውም ይህን ስለሚያውቅ ቃሌን እንደ ሚዛን ይቀበለው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ይዋሻል ብሎ የጠበቀ የለም፤ እኔም ከራሴ አልጠበቅሁም።

አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሱዳን የገባው በእናታችን ጀርባ ታዝሎ ነው፤ ዐረብኛው ከአማርኛው ይፈጥናል፣ ሲናደድ አማርኛው ጭራሽ ይጠፋበታል። የሆነ ነገር ሲፈልግ «ጋሼ» ይለኛል፤ ሲቆጣ በዐረብኛ «ያ አኹይ»፣ ወንድሜ ሆይ ነው። ሁለት ክረምት ፋሽጋ የሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር ነዳ፤ በሦስተኛው «አልሄድም» ብሎ ቤት ተቀመጠ። ጓደኞቹ ሊብያ፣ ሊብያ ማለት የጀመሩት ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሳይነግረኝ ሄደ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በአንድ እግሩ ጫማ ሳይኖር ተመለሰ። ያየውን አልነገረኝም፤ እኔም ልስማው ብል ድፍረቱ አልነበረኝም።

እናታችን ዶካ ከተማ ከእህታችን ጋር ትኖራለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በየዓርቡ ትደውልልኝ ጀመር። ሰላምታ የለ፣ ወሬ የለ፤ «አለ?» ትላለች። «አለ» እላታለሁ። እንዴት ሰነበትህ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን የምሠራውም የምፈራውም ነገር ሁሉ ለዚያች አንዲት ቃል ነበር፤ ዓርብ መጥቶ «አለ» ለማለት።

ቢትኮይን የሚባለው ነገር ዋጋው ሰማይ ነካ በተባለበት ዓመት ወንድሜ «ጋሼ» ማለት አበዛ። ስልኩን እያሳየኝ ሥራ አገኘሁ አለ። የትም የማያስኬድ፣ ቤት ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ፤ የጎደለው መሣሪያው ብቻ ነው። «የትም የማያስኬድ» ሲለኝ ሌላውን አልሰማሁም ማለት እችላለሁ። ለሱቄ የጋዝ መሙያ ፓምፕ ልገዛበት ያጠራቀምሁትን ሰጠሁት፤ እሱም ከፋሽጋ የተረፈችውን ጨመረበት። ማሽኑ ከኻርቱም በአውቶቡስ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ። ከዱባይ በሰው ሻንጣ የገባ፣ ያገለገለ፣ ከአንድ በላይ ባለቤት ያየ ዕቃ ነው። ቁመቱ ከጫማ ካርቶን ብዙ አይበልጥም። በፊትና በኋላው ሁለት ማራገቢያ አለው። ሲበራ የሰሊጥ ማበጠሪያ ቤት ውስጥ የገባ ይመስላል።

«ምንድን ነው የሚሠራው?» አልሁት።

«ይገምታል።»

«ምን ይገምታል?»

«ቁጥር። በዓለም ያሉት ማሽኖች ሁሉ አንድ ቁጥር ለማግኘት ይገምታሉ። ቀድሞ ያገኘ ሳንቲሟን ይወስዳል። የእኛ ብቻውን ስለማይችል ከሌሎች ጋር በማኅበር ይገምታል፤ በገመተው ልክ ድርሻውን ይሰጡታል።»

ሰው በግምት ሲያወራ ደሜ የሚፈላው እኔ፣ ቀኑን ሙሉ ሲገምት የሚውል ዕቃ በገንዘቤ ገዝቼ ቤቴ አስገባሁ።

ልማዴ ነውና ገና እንደበራ ሽቦውን ቆንጥጬ ለካሁት። ስድስት አምፔር። መለኪያው ተሳስቶ እንደሆነ ብዬ በሌላ ዕቃ ሞክሬ ተመለስሁ፤ ስድስት። የቤት ፍሪጅ አንድ አምፔር አይሞላም፤ እሱም ቢሆን ሲቀዘቅዝ ያርፋል፣ ሲሞቅ ይነሣል። ይህኛው አያርፍም። ውሎ አዳሩ ሲታሰብ ከአሥር ፍሪጅ በላይ ይበላል፤ በእኛ አቆጣጠር ከሃምሳ ዓይን በላይ መሆኑ ነው። ግቢው በሙሉ፣ አምፖሉም ፍሪጁም ተደምሮ፣ አርባ ዓይን አይሞላም ነበር።

ከኋላው እጄን ብዘረጋ የሚወጣው አየር ይጋረፋል። ፍሪጅ መብራት በልቶ ሙቀቱን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል፣ ውስጡ ያለውን ወተት ያተርፋል። ከዚህ ማሽን በእጅ የሚዳሰስ ነገር ቢወጣ ሙቀት ብቻ ነው። ስድስቱ አምፔር በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ንዳድ ሆኖ ይወጣል። ሰው ከሙቀት ሸሽቶ ዛፍ ሥር አልጋ በሚዘረጋበት ከተማ ሙቀት የሚያመርት ዕቃ ገዛን። ይህንን ለወንድሜ ስነግረው ሳቀ። «መብራቱ እኮ በመተማ በኩል ከሀገራችን ግድብ ነው የሚመጣው፤ የሀገሬን ውሃ ትንሽ ብጠጣ ምን አለበት?» አለኝ። ሲስቅ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ ደረሰ። ከኒሙ ሥር ተቀመጥን፤ ባለሱቁ፣ የትግርኛ ተናጋሪው ቤተሰብ አባወራ፣ ከጎናችን ያሉት እትየ፣ እኔና ወንድሜ። ባለሱቁ ጎንደሬ ሙስሊም ነው፤ በርበሬና ቅመም ይነግዳል፣ መብራቱንም ሄዶ የሚገዛልን እሱ ነበር። «ኮምፒዩተር ገዛሁ» አለ ወንድሜ። «መብሩክ፣ መብሩክ» አሉት። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ዓይን ነው?» አለ ባለሱቁ።

አፌ ውስጥ የነበረው ሃምሳ የሚለው ቃል ነው። ሃምሳ ካልሁ ማሽኑ የዚያን ዕለት ያበቃለታል። ማሽኑ ካበቃለት ልጁ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያሰብሁት ምራቄን እስክውጥ ባለች ጊዜ ውስጥ ነው። «እንደ አንድ ቴሌቪዥን ቁጠሩት፤ ሁለት ዓይን» አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተለወጠም። ባለሱቁ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ።

ከጎናችን ያሉት እትየ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ባላቸው ወድ ኤል ሒለው በሚባል ከተማ ሞተው ቀሩ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሊብያ ሄዷል። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው «ነገ ባሕር ልንገባ ነው» ብሎ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆኖታል። ፎቶውን ፍሪጃቸው በር ላይ ለጥፈውታል። ፍሪጁ ውስጥ ከውሃና ከመድኃኒታቸው ሌላ እምብዛም ነገር አይኖርም። ስኳር በሽታ አለባቸው፣ በየቀኑ ይወጋሉ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ለዚያች ጠርሙስ ሲሉ በየሳምንቱ አምስት ዓይን ሲከፍሉ አንድ ቀን እንኳ ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም።

ሳምንት ይቆየን የነበረው መብራት በሦስተኛው ቀን ማለቅ ጀመረ። ባለሱቁ ቆጣሪው ሥር ቆሞ «ወላሂ፣ ይህ ከህረባ፣ ይህ መብራት ምን ነክቶት ነው?» ይላል። አንዱ ቆጣሪው ተበላሽቷል ይላል፣ ሌላው ከውጭ ሰው ሽቦ ቀጥሎብን ይሆናል ይላል። ሽቦ የተቀጠለብን እንደሆነ እንዳይ ላኩኝ፤ እኔም ጣሪያ ላይ ወጥቼ የማይገኝ ሌባ ስፈልግ ግማሽ ቀን ዋልሁ። ስወርድ ውሃ አቀረቡልኝ፣ ስለ ድካሜም አመሰገኑኝ። እንዴት ያለ ሰው እንደሆንሁ የገባኝ ያቺን ውሃ ስጠጣ ነው፤ ግን ጠጣኋት። ማዋጣቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆነ። እኔ ከራሴ ሳይታወቅ እጨምር ነበር፣ ወንድሜም ከማሽኑ ካገኘው ይሰጠኛል፤ ግን ቀዳዳው በዚያ የሚደፈን አልነበረም።

አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ እትየ ከበራቸው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መለኪያህን ይዘሃል? እስቲ ይህን ተላጃ እየው» አሉኝ፤ ተላጃ የሚሉት ፍሪጁን ነው። «አርጅቷል። በእኔ ምክንያት ሰው እየተቸገረ እንደሆነ ንገረኝ።»

ስፒናው እንደተሰካ ሽቦውን ቆነጠጥሁ። ዜሮ ነጥብ ሰባት። የእኔ እጅ የጠገነው ስለሆነ ከአዲስ አይተናነስም ነበር። እትየ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መለኪያውን ሳይሆን ፊቴን ያያሉ፤ ቁጥር አያነቡም። ደኅና ነው ብላቸው ነገ ጥፋተኛው በሌላ ቤት ሊፈለግ ነው፤ ከሌላው ቤት ቀጥሎ ያለው የእኛ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ትንሽ ያበዛል» አልኋቸው።

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ኮምፕረሰሩ ደክሟል፣ እትየ። ይበላል።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉና ተነሥተው ስፒናውን ራሳቸው ነቀሉት። ፍሪጁ አንዴ ተንቀጥቅጦ ዝም አለ። መድኃኒታቸውን ምን እንደሚያደርጉት ስጠይቅ ዚሩን፣ ውሃ የሚያቀዘቅዙበትን ትልቅ የሸክላ ጋን አሳዩኝ፤ ብዙ የሱዳን ባልቴቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ጠርሙሷን በላስቲክ ኩባያ ከትተው ከሚያላበው የዚር ሆድ ጋር አሰሯት። እኔም ስለ ቅዝቃዜ አውቃለሁ የምለው ሰውዬ፣ «ዚሩ እስካላበ ድረስ ችግር የለውም» ብዬ አጸናናኋቸው። ይህ እንኳ እውነት ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ «ከእኔ አምስቱን ዓይን ቀንሱ፤ ጥፋተኛው ተገኝቷል» አሉ። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። እኔ ከኒሙ ቅርንጫፍ ላይ ዓይኔን አላወረድሁም። ከዚያ በኋላም መብራቱ ቶሎ ማለቁን አልተወም፤ ሰዉ ግን ቆጣሪውን እንጂ ቃሌን አልጠረጠረም።

እንዲህም ሆኖ ከወንድሜ ጋር ያሳለፍሁት ከሁሉ ደስ የሚል ጊዜ ያ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሌላ ውሸት ይሆናል። ማሽኑ ሙቀት እንዳይገድለው ከአሮጌ ፍሪጅ ቆርቆሮ ቆርጠን የአየር መውጫ ሠራንለት። በመስኮቱ በኩል ጭድ ሞልተን ውሃ የሚንጠባጠብበት ማቀዝቀዣ አቆምን። የሰሊጥ ብናኝ በየሳምንቱ ማራገቢያውን ያንቀዋል፤ በቀለም ብሩሽ አብረን እናጸዳዋለን። ወንድሜ ፍጥነቱን ሲቀንሰው በአንድ አምፔር የሚያገኘው ግምት የተሻለ እንደሚሆን ደረሰበትና እኔ እየለካሁ እሱ ያስተካክል ጀመር። ስድስቱን ወደ አምስት ያወረድንበት ቀን የጨበጠኝ አጨባበጥ እስካሁን እጄ ላይ አለ። በየዓርቡም «አለ» እላለሁ፤ አፌን ሞልቼ።

ግን ግምቱ እየከበደ ሄደ። ብዙ ማሽን በተጨመረ ቁጥር ቁጥሩን ማግኘት ይከብዳል፤ ድርሻችንም በየወሩ ያንሳል፣ የሚበላው መብራት ግን ያው ነው። ደግሞ አዲስ ዓይነት ማሽን ወጣ። የእኛ በሚበላው መብራት የእኛን ብዙ እጥፍ ይገምታል። ወንድሜ ሥዕሉን ስልኩ ላይ እያየ ይውላል። የሳንቲሙም ዋጋ ወረደ። ከማሽኑ ሦስት ሰሌዳዎች አንዱ በሙቀት ተቃጠለና ማራገቢያው ለሁለቱ ያንኑ ያህል ይጮኻል። አንድ ቀን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንዳላየው ስሸሸው የነበረውን ሒሳብ ሠራሁት። መብራቱን ሙሉ በሙሉ እኛ ብንከፍል ማሽኑ ራሱን አይችልም። አንድም ቀን ችሎ አያውቅም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ሳንቲም ከጎረቤቶቻችን ኪስ የወጣ ነበር፤ ዞሮ የሚመጣበት መንገድ ረጅም ስለሆነ ብቻ ሌላ ነገር ይመስለን ነበር።

ለወንድሜ ነገርሁት። ብሩሹን አስቀምጦ «ዐውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ?»

«ታዲያ ካጠፋሁት ጠዋት ምን ልሠራ ነው የምነሣው፣ ጋሼ?»

አላጠፋነውም።

ዝናቡ ሊገባ ሳምንታት ሲቀሩት ገዳሪፍ ምጣድ ትሆናለች። በዚያ ሰሞን የእትየ የባላቸው ዘመድ ሞተና ለለቅሶ ወድ ኤል ሒለው ሄዱ። የሚወጉትን በመርፌ ቀድተው ወስደው ጠርሙሷን ዚሩ ላይ ትተዋት ነበር፤ አራት ቀን ቆዩ። ቤታቸው ተዘግቶ ዚሩን የሚሞላው ሰው አልነበረም። ተመልሰው ዚሩን ሞሉ፣ ከዚያችው ጠርሙስ እየቀዱ መወጋታቸውን ቀጠሉ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ የባለሱቁ ሚስት ልታያቸው ብትገባ አልጋቸው ላይ ወድቀው፣ ዓይናቸው ተገልጦ መልስ የማይሰጡ ሆነው አገኘቻቸው። በሪክሻ ጭነን ሆስፒታል አደረስናቸው። ሐኪሙ ስኳራቸው ከልክ በላይ እንደወጣ ነገረንና «መድኃኒቱን የት ነው የሚያስቀምጡት?» አለ። አምጣው ብሎ የላከው እኔን ነው።

ዚሩ እንደገና እያላበ ነበር። ጠርሙሷን ከኩባያው አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አየኋት። ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ውሃ ውስጥ ቅንጣት ቅንጣት ነገር ይንሳፈፋል። ፍሪጁ እዚያው ጥጉ ላይ ቆሟል፣ የልጁ ፎቶ በሩ ላይ አለ፣ ስፒናው መሬት ላይ ወድቋል። ከግድግዳው ማዶ የእኛ ማሽን ይጮኻል። በርጩማቸው ላይ ተቀመጥሁ። ሰው የገደልሁ መሰለኝ። ከዚያ ተነሥቼ ቤታችን ገባሁና የማሽኑን ስፒና ነቀልሁት። ወንድሜ ከአልጋው ብድግ ብሎ «ምን ሆንህ?» አለኝ። ጠርሙሷን አሳየሁትና ስለ ፍሪጁ የዋሸሁትን ነገርሁት። እሱ ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ የማያውቀውን ሰው የሚያይ ይመስል ነበር።

እትየ አልሞቱም። በማግስቱ መናገር ጀመሩ። እኔ ግን ሐሙስ እስኪደርስ አንድ ቀን አልሠራሁም። ሐሙስ ከኒሙ ሥር ሁሉም እንደተቀመጡ ማሽኑን ተሸክሜ አወጣሁት። በማከፋፈያ ገመድ አገናኝቼ አበራሁት፤ ሕፃናቱ ጆሯቸውን ያዙ። ሽቦውን ቆንጥጬ መለኪያውን ለባለሱቁ ሰጠሁት። «አንብበው» አልሁት። አነበበ። ከዚያ የእትየን ፍሪጅ ሰካሁና እሱንም እንዲያነብ አደረግሁት። የሁለቱን ልዩነት ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም።

«ይህን ለክተኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ።»

«መቼ?»

«የመጣ ዕለት።»

ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንኳ በወደድሁ። መለኪያውን በቀስታ መሬት ላይ አስቀመጠው፣ የተቀመጠበትን ምንጣፍ አንሥቶ አራገፈ፣ ቤቱ ገባ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ስንት ዓይን ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ወንድሜ ከበሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «ያ አኹይ» አለኝ፤ «ለእነሱ እውነቱን ስትነግር እኔን አደባባይ ላይ አሰጣኸኝ። ለብቻዬ ብትነግረኝ እኔ ራሴ አወጣው ነበር።» ሱቅ ና፣ ሙያዬን ላስተምርህ፣ ሁለታችን እንሠራለን አልሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይሁን ማለቱ ይሁን አይሁን አልገባኝም። ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ቤቱ ተጠርጓል። ማሽኑ ጥጉ ላይ ነበር። የሄደው ማሽኑ ተጠቅልሎ የመጣበትን ብርድ ልብስ ይዞ ነው፤ ሌላ ዕቃ አልወሰደም። መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ፣ ጓደኞቹን ጠየቅሁ። አንዱ ብቻ ዓይኔን ሳያየኝ «ደርሶ ይደውላል» አለኝ።

እትየ ከሆስፒታል የወጡት በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው ይሻል ነበር፣ ግን ሁሉን ከባለሱቁ ሚስት ሰምተውም ራሳቸው «እሱ ይምጣ» ብለው ነበር። የፍሪጁን የበር ጎማ ለውጬ፣ ውስጡን አጥቤ፣ አዲሱን መድኃኒት አስቀመጥሁ። ስፒናውን ስሰካ ኮምፕረሰሩ ተነሣ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው ያዩኛል። ይቅር በሉኝ ለማለት ሦስት ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ልጀምረው አፌን ከፈትሁ።

ስልኬ ጮኸ። አየሁትና ኪሴ ከተትሁት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ማን ናት?» አሉኝ።

«እናቴ ናት።»

«ታዲያ አታነሣላትም?»

«ስታገኘኝ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ‹አለ?› ነው የምትለኝ።»

እትየ ፍሪጁ ላይ ወዳለው ፎቶ ዞር አሉ፤ ቆይተው ወደ እኔ ተመለሱ። ወንድሜ መሄዱን ያን ጊዜ ነው ያወቁት።

«የዋሸኸኝ እሱ እንዳይሄድብህ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትየ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሉ፤ ድምፃቸው ገና ደካማ ነበር። «እንዲህ ያለ ጭንቅ ይዞኛል፣ ይህ ልጅ ሊሄድብኝ ነው ብትለኝ፣ ተላጃውን ያኔውኑ እነቅለው ነበር። ዚሬንም ውሃ ሞልቶ የሚጠብቅ ሰው ትቼ እሄድ ነበር። አምስቱንም ዓይን አልቀንስም ነበር። የእኔ ልጅ ሲሄድኮ ይህን ብታደርጊ ይቀራል ያለኝ የለም፤ የሚከፈል ነገር ቢኖር እከፍል ነበር፣ የሚጠፋ መብራት ቢኖር አጠፋ ነበር። አንተ ግን ማስቀሪያው በእጅህ ነበረ፣ ልጄ። የምንሰጥህን ሳትጠይቀን ወሰድኸው።»

አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከኪሴ አውጥቼ ያዝሁት እንጂ አላነሣሁትም። እትየ ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣው» አሉኝ።

አንሥቼ ሰጠኋቸው። ገና ጆሯቸው ላይ ሳያደርጉት የእናቴ ድምፅ ከእጃቸው ውስጥ «አለ?» ሲል ሰማሁት።

«ጎረቤታቸው ነኝ፣ እኅቴ» አሏት እትየ። «መጀመሪያ ቁጭ በይ።»